ሀ ለ ሐ መ ሠ

ከክፍያ መንገዱ አፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣
ሲኖትራክ አቧራውን ጭኖ ሲከንፍ፣
ከብሎክ አርባ ሦስት ሥር፣ ከቆርቆሮው ጥላ
ጉርሜሳ ይበይዳል፤ በር፣ አጥር፣ የታንከር ማማ፣ ሌላም ሌላ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ወረድኩ።
«ይህን ሥራልኝ» አልኩ።
ዘቀዘቀው። አቃናው። በብርሃን አሳልፎ አየው።
«መምህር፣ የምን በር ነው?»

በር አይደለም። በምን ልጀምርለት?
«ሦስት ብረት አለህ እንበል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ በላቸው፤
ሀን ከለ አጣብቀህ ሐን ብትጨምርበት፣
ወይ ለን ከሐ አስቀድመህ ሀን ብታስከትልበት፣
ያው አንድ አይደለም ወይ፣ ቢታይ ውጤታቸው?»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።
«ማነው አንድ ነው ያለህ? ብረት እኮ እሳት ሲያገኘው ይጠማዘዛል፣
ቀድሞ የተበየደው ቀድሞ ይጎብጣል።
አንድ አይወጡም። ግን በመዶሻ፣ ቀስ እያልኩ፣
አንዱን ሌላውን አስመስለዋለሁ፣ እየመታሁ እያሞቅኩ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ
አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አጥርቼው አላውቅም ደክሜ።
እኩል ናቸው አንልም፤
መንገድ አላቸው እንላለን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ፤
መዶሻህ የሄደበት፣ እሱ ነው ዘንጉ።

«አራት ሲሆኑስ፣ መ ሲመጣ?»
ቅንፉ አምስት ዓይነት ወጣ፤
አምስት ዘንግ ዙሮ ገጠመ፣
መሀሉ ካልተሸፈነ ግን መንገድ ከመንገድ እንደተጣላ ከረመ።
ላሜራ ይልበስ። ለበሰ እንበል።
አሁን ሠ ይከተል።

ሃያ አንድ ዘንግ፣ አሥራ አራት ማዕዘን፣
ስድስት ፊት ባለ አምስት ጎን፣
ሦስት ፊት ባለ አራት።
ረዳቱ ቢፍቱ በጠመኔ ቆጥራ «አንዱን ፊት ተሳስተሃል» አለችው፤
እውነቷን ነበር፤ ቆርጠው ፈቱት።

መብራት ጠፋ። ዝናብ ገባ። ጭቃው ጫማ በላ።
በሦስተኛው ሳምንት ከታች ተጣራ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ኋላ።
በመፍቻ መታው። ጮኸ።
«ባዶ ነው» አለ። «ውስጡን በምን ልሙላው?»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ።
ይህችኑ ጥያቄ ነው ሌሊት ሌሊት ይዤ የማድረው፣
አምስትን ዜሮ ያደረግንበት ሉል ላይ አቀርቅሬ፦
ሁለቱን ያባዛል። ሦስቱን ያስታርቃል።
አራቱን ላሜራ ያለብሳል።
አምስት ላይ ቅርፊቱ ይገጥማል፣ ስፌቱ አይታይም፣
ውስጡ ግን አይሞላም።
ከስንፍና አይደለም። አንድ ነገር ተቀምጦበታል፣
አልፋ የምንለው፤ አምስት ጊዜ ቢደመር የሚጠፋ፣
ብቻውን ግን በየትም ብትገፋው የማይገፋ።
በሰባት ብንጀምር ይህ ይሞላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሰባት ላይ ይቆማል፤
እያንዳንዱ በገዛ ስሙ ይሰናከላል።
ምንም ያልተቀነሰበት፣ ድፍኑ ሉል ብቻ
ይሞላል፣ ይሞላል፣ የለውም መቋጫ።

ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «አይሞላም» አልኩት፣ «ተረጋግጧል።»
በመዳፉ ዙሪያውን ዳበሰው።
«ጠብ የማይል ነገር መሙላት ያቃተው ማነው?»

ተሸከምነው፣ እኔ፣ እሱና ቢፍቱ፣
አራት ፎቅ። ደረጃው ላይ ሦስቴ አረፍን።
የቤቴ በር አላስገባውም።
በሩን አምና የሠራው ራሱ ጉርሜሳ ነው።
ሳቀ፤ ሂሳቡ ላይ ምንም አልጨመረም፤
መልሰን አወረድነው።

አሁን ከቆርቆሮው ጥግ፣ ከአሸዋው ክምር አጠገብ ተቀምጧል።
ካፊያ ሲወርድበት ባለ አራቱ ፊት ድምፁ ይቀጥናል፣ ባለ አምስቱ ይጎረናል፤
በረንዳዬ ላይ ሆኜ ለይቼ እሰማለሁ።

ትናንት ሊመሽ ሲል ቢፍቱ ከታች ጮኸች፦
«መምህር! ረስ ቢመጣ?»
አምስቱ ሳይሞላ ስድስት አይጠየቅም፣ ልል ነበር፤
እሷ ግን ጠመኔዋን ይዛ የላሜራ ቁራጭ ላይ ጀምራለች፣
ቅንፍ በቅንፍ፣ ካፊያው ከኋላ ከኋላ እያጠበባት፣
ሠላሳ አንድ ደርሳለች።

ስንት ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ።
አልነገርኳትም።